ሐሤት፣ ሐሴት ወይስ ሃሴት? ትርጉሙስ፣ ምንጩስ?

ብርዱ_ደብረብርሃን
ሰላም ለሁላችሁ። ሴት ልጅ ተወልዳልኛለች፣ እናትም ልጅም ደህና ናቸው፣ ተመስገን። ስሟን ሐሴት ልንላት ነው። የመረጠችው እናቷ ናት፣ እኔም ወድጄዋለሁ። ችግሩ አማቴ ናቸው። የመንዝ ሴት ናቸው፣ ጆሯቸው ትንሽ ደከም ብሏል፣ ስሙን ስንነግራቸው «ሐሰት? ልጅ ሐሰት ተብሎ ይጠራል እንዴ?» ብለው ጭጭ አሉ። ሁለተኛው ጣጣ የልደት ካርድ ነው። ጸሐፊዋ «ሃሴት» ብላ ጻፈችው፣ የባለቤቴ ወንድም አይቶ «ሐሤት ነው መሆን ያለበት» አለ፣ እኔ ደግሞ ሐሴት እያልኩ ነው የኖርኩት። አንድ ስም ሦስት ሆነ ማለት ነው።
ጥያቄዬ፦ ቃሉ ከየት መጣ? ከደስታ በምን ይለያል? ቴሌግራም ላይ ሁሉም «ደስታ የሥጋ ነው፣ ሐሴት የመንፈስ ነው» እያለ ይለጥፋል። እውነት ነው ወይስ ዝም ብሎ ወሬ ነው? ክርስትናዋ በ80 ቀኗ ነው፣ እስከዚያ ለአማቴ የምመልሰው ነገር ስጡኝ።

ጣርማበር_ጉም
እንኳን ማርያም ማረቻት! ስሙ ቆንጆ ነው፣ እንዳትቀይረው። የገንፎው ነገር ግን አልተነገረንም፣ ወይስ ደብረ ብርሃን ገንፎ ቀርቷል?

ግስ_አውራጅ
እንኳን ማርያም ማረቻት ወንድሜ። ልጅ ሆኜ ቅኔ ቤት ትንሽ ቆይቻለሁ፣ የማውቀውን ልበል።
ቃሉ ግእዝ ነው። ግሱ ተሐሥየ ይባላል፣ ደስ አለው፣ ደስታውን ገለጠ ማለት ነው። ትእዛዙ ለብዙ ሰው ሲሆን ተሐሠዩ ነው። ስሙ ሐሤት። ሐ ሐመሩ ሐ ነው፣ ሤ ደግሞ ንጉሡ ሠ ነው፣ ስለዚህ እንደ ጥንቱ ሥርዓት የባለቤትህ ወንድም ልክ ነው። ሤ ለምን ኃምስ ሆነ ብትለኝ፣ እንደኔ የሥሩ የ ነው እዚያ የተደበቀው። ተሐሠዩ ላይ የዋን በግልጽ ታያታለህ፣ ሐሤት ላይ ግን ቀለጠችና ሠን ሤ አደረገቻት።
አማትህ የፈሩት ሐሰት ሌላ ሥር ነው። ሐሰወ፣ ዋሸ። ሐሳዊ፣ ሐሳዌ መሲሕ የምንለው ከዚያ ነው። እሱ የሚጻፈው በእሳቱ ሰ ነው። ሠና ሰ ድሮ ድምፃቸውም የተለያየ ነበር፣ ስለዚህ ለጥንቱ ሰው ሐሤትና ሐሰት የሚምታቱ ቃላት አልነበሩም። ለእኛ ነው የተምታቱብን፣ ምክንያቱም አማርኛችን ሠን ከሰ፣ ሐን ከሀና ከኀ ለይቶ አይጠራም። ትግርኛ ሐን አሁንም ከጉሮሮ ያወጣታል።

እንዋሪ_ስንዴ
መሪጌታ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይኼ የሐመሩ ሐ፣ የንጉሡ ሠ ጭቅጭቅ መቼ ነው የሚያበቃው? ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነው የሚያነበው። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትገባ መምህሩ ሃሴት ቢላት ሐሤት ቢላት አቤት ትላለች። ስልኬ ላይ ሠን ለማግኘት ስንት ቦታ ተጭኜ ነው የማገኛት፣ ማን ነው ለአንድ ስም ይህን ሁሉ የሚለፋ?

ግስ_አውራጅ
መሪጌታ አይደለሁም፣ እንዳታሾሙኝ 😄 ለንባብ ከሆነ ልክ ነህ፣ እኔም ስጽፍ ብዙ ጊዜ ሐሴት ነው የምለው። ለምንጩ ፍለጋ ግን ፊደሉ መንገድ ያሳይሃል። ሠዋን ከያዝካት ግሱን ታገኛለህ፣ ከጣልካት ሐሰት ቤት ትገባለህ። ደግሞ ቀልድ አይደለም፣ የሰርግ ካርድ ላይ «በታላቅ ሐሰት ተሞልተን ጠርተንዎታል» የሚል አይቻለሁ። አታሚው አንዲት ቀለም ነው የሳተው፣ ሤ ሰ ሆነችበት። ሙሽሮቹ ካርዱን አድለው ከጨረሱ በኋላ ነው ሰው የነገራቸው።

ጣርማበር_ጉም
ሃሃሃ ቢያንስ እውነቱን የተናገረ የሰርግ ካርድ እሱ ብቻ ነው

መሐልሜዳ_ልጅ
እኔ የምጨምረው፣ አማትህ ሐሴትን ባያውቁት አይፈረድባቸውም። ገጠር ውስጥ በጆሮ የሚታወቀው ፍሥሓ ነው እንጂ ሐሤት አይደለም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከፋሲካ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን የሄደ ሁሉ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲባል ይሰማል፣ ይመልሳልም። መጨረሻው ምን ነው? «እምይእዜሰ፣ ኮነ፣ ፍሥሓ ወሰላም።» ፊደል ያልቆጠረች ሴት ሳትቀር በቃሏ ትለዋለች። በየቀኑ ጸሎት ላይም አለ፣ «ተፈሥሒ ፍሥሕት ኦ ምልዕተ ጸጋ»። ደስ ይበልሽ ማለት ነው። አያቴ ግእዝ አያውቁም ነበር ግን ፍሥሓ ደስታ መሆኑን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ሐሤትን የሚያውቀው ዳዊት የደገመ ነው። ዳዊት ደጋሚ ደግሞ በየቤቱ አልነበረም።
ስለዚህ ለአማትህ «የፍሥሓ እህት ናት» በላቸው፣ ወዲያው ይገባቸዋል።

ብርዱ_ደብረብርሃን
ይኼ ጥሩ መልስ ነው። እሳቸው ወንድማቸውም ፍሥሓ ነው የሚባሉት፣ እግዜር ያሳያችሁ!

ቀይት_ገብስ
እኔም ልጠይቅ። ፍሥሓ ከፋሲካ ጋር አንድ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ሁለቱም ፈ አላቸው፣ ሰ አላቸው፣ ሁለቱም የደስታ ናቸው። ነው እንዴ?

ግስ_አውራጅ
አይደለም እህቴ። ፋሲካ ምንጩ የዕብራይስጡ ፔሳሕ ነው፣ እስራኤል ከግብፅ የወጡበት በዓል። በግሪክ ፓስኻ ተባለ። ትርጉሙም ማለፍ፣ መሻገር ነው እንጂ ደስታ አይደለም። ፍሥሓ ደግሞ የራሱ የግእዝ ግስ አለው፣ ተፈሥሐ። ፍሥሓ በንጉሡ ሠና በሐመሩ ሐ ነው፣ ፋሲካ ደግሞ በእሳቱ ሰና በከ። ሁለቱ በየዓመቱ አብረው ስለሚመጡ ነው የተዘመዱ የሚመስሉት።

ቀይት_ገብስ
ገባኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

የሰላ_ድንጋይ_እህት
የመጀመሪያው ጥያቄ ግን አልተመለሰም። ልዩነቱ! እኔ የተማርኩት እንዲህ ነው። ደስታ ከውጭ በሚመጣ ነገር ነው፣ ደመወዝ ሲጨመር፣ እንግዳ ሲመጣ፣ በግ ስትወልድ። ሐሴት ግን ከውስጥ ነው፣ በመከራም ውስጥ የሚገኝ፣ ማንም የማይወስደው። ስብከት ላይ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ደግሞም ያጽናናል። ቃሉ ተራ ቢሆን ኖሮ መጽሐፍ ቅዱስ ለብቻው ባልተጠቀመበት ነበር።

ግስ_አውራጅ
እህቴ፣ ትምህርቱ መልካም ነው፣ ለማጽናናትም ይሆናል። ግን ከቃሉ ውስጥ አይወጣም። መጽሐፉ ሐሤትን ለብቻው አይደለም የሚጠራው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፍሥሓ ጋር አጣምሮ ነው። ዳዊት 117፥24 (በሌላው አቆጣጠር 118) በግእዝ «ንትፈሣሕ ወንትሐሠይ ባቲ» ይላል፣ በአማርኛው «ሐሤትን እናድርግ፥ በእርስዋም ደስ ይበለን»። ልብ ብለሽ እይው፣ ግእዙ ፍሥሓን አስቀድሞ ሐሤትን አስከተለ፣ አማርኛው ሐሤትን አስቀድሞ ደስታን አስከተለ። ሁለቱ ቃላት ደረጃ ቢኖራቸው፣ አንዱ የሥጋ አንዱ የመንፈስ ቢሆን፣ ተርጓሚው እንደዚህ ቦታ ሊያቀያይራቸው አይችልም ነበር። ማቴዎስ 5፥12 ላይም «ተፈሥሑ ወተሐሠዩ» ነው፣ «ደስ ይበላችሁ፥ ሐሴትም አድርጉ»። ይህ የመዝሙር ጠባይ ነው፣ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ በሁለት ቃል ይናገረዋል፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያጎለብተዋል። ደግሞ ማቴዎስ ላይ የታዘዘው ሰው እየተሰደደ ነው፣ እየተሰደበ ነው፣ እዚያ ላይ «ደስ ይበላችሁ» የሚለውም አብሮ ታዟል። በመከራ ውስጥ የሚገኘው ሐሤት ብቻ ከሆነ «ደስ ይበላችሁ» ምን ሊሠራ ገባ?

የሰላ_ድንጋይ_እህት
እሺ ይሁን፣ ግን አንድ ከሆኑ ለምን ሁለት ቃል አስፈለገ? ሐሴት ስል ለእኔ ከደስታ ከፍ ያለ ነው። አንተም ቢሆን ሻይ ጣፈጠኝ ብለህ ሐሴት አደረግሁ አትልም።

ግስ_አውራጅ
ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው፣ እሱን አልክድም። ዛሬ በአማርኛ ሐሤት ከፍ ያለ ነው፣ ትልቅ ደስታ ነው። ግን ከፍታውን ያገኘው ከቦታው ነው። ደስታ ገበያም ሠርግም ጠላ ቤትም ይውላል። ሐሤት ከዳዊትና ከወንጌል ብዙም ሳይወጣ ስለኖረ ከበረ። የከበረ ቃል ደግሞ ሰው ለትንሽ ነገር አያወጣውም።
ልዩነት ከፈለግሽ እኔ የማየው ሰዋስው ላይ ነው። «ደስ አለኝ» ስትዪ ባለቤቱ አንቺ አይደለሽም። ደስ የሚለው ነገር ነው የመጣብሽ፣ አንቺ ተቀባይ ነሽ። ራበኝ፣ በረደኝ፣ ናፈቀኝ እንደምንለው። «ሐሤት አደረግሁ» ስትዪ ግን አድራጊዋ አንቺ ነሽ። ማንም «ሐሤት አለኝ» አይልም። ሐሤት የሚደረግ ነገር ነው፣ ይዘመራል፣ ይጨበጨባል፣ እልል ይባላል። «ሐሤት ተሰማኝ» የሚለው የአሁን ዘመን አማርኛ ነው፣ ለኔ ጆሮ ይጎረብጣል። ስለዚህ የቴሌግራሙን አባባል ገልብጪው፦ በአነጋገራችን ውስጥ ውስጤን የሚነካኝ ደስ አለኝ ነው፣ ወደ ውጭ የሚወጣው ሐሤት ነው።

እንዋሪ_ስንዴ
ኧረ ይኼን ስክሪንሾት አደርጋለሁ። የሠ ጭቅጭቁን ይቅር ብዬሃለሁ።

ምንጃር_ጤፍ
አንድ ነገር ላርም። ደስታም ይደረጋል እኮ! እኛ ጋ «እነ እገሌ ደስታ አላቸው» ከተባለ ድግስ አለ ማለት ነው፣ ሰው ሆዱ ውስጥ ምን እንደተሰማው ማንም አልጠየቀም። ዕድሩም «ለሐዘንም ለደስታም» ነው የሚለው። ድንኳኑ ያው ነው፣ ድስቱም ያው ነው። «ደስታ ቤት ሄጄ ነው» ብሎ የቀረ ሰው ከነጠላው ላይ ወጥ ፈስሶበት ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ደስታ በውስጥ ብቻ የሚቀር አድርጋችሁ አትጻፉት።
እልልታን ካነሳችሁ ደግሞ ለጥምቀት ኢራንቡቲ ኑ። ታቦታቱ ሲገናኙ የሚሰማውን ቃል ፈልጉለት፣ ሐሤት በሉት ፍሥሓ በሉት፣ እኔ እዚያ ቆሜ ሰዋስው ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ግስ_አውራጅ
ምንጃር ልክ ብለሃል፣ «ደስታ» የድግስ ስምም ነው። ደስ አለኝ የሚለውን ግስ ብቻ ነበር የያዝኩት።
ለኢራንቡቲው ግን ግእዝ የራሱ ቃል አለው፣ ይባቤ ይባላል። የእልልታና የሆታ ጩኸት ነው። የዕርገት ዕለት የምንሰማው «ዐርገ እግዚአብሔር በይባቤ፣ ወእግዚእነ በቃለ ቀርን» እሱ ነው። አማርኛው «አምላክ በእልልታ፥ እግዚአብሔር በመለከት ድምፅ ዐረገ» ብሎ ተረጎመው። ግእዙ የደስታን ስሜትም ጩኸቱንም ለየብቻ ስም ሰጥቷቸዋል።

መሐልሜዳ_ልጅ
እልልታ ካነሳችሁ፣ ልጅ ሲወለድ ለወንድ የሚበዛው ለሴት የሚያንሰው ነገር እስካሁን አለ ወይ እናንተ ጋ? እኛ ጋ አሮጊቶቹ አሁንም ይቆጥራሉ።

የሰላ_ድንጋይ_እህት
አለ! እኔ ስወልድ አክስቴ ለሴቷም እኩል አስደርጋለች። ጎረቤት ሁሉ ወንድ መስሎት «እንኳን ደስ አላችሁ» እያለ መጣ 😂 ብርዱ፣ ለሐሴት ስንት ተባለ?

ብርዱ_ደብረብርሃን
ሆስፒታል ነው የተወለደችው፣ ነርሷ «ዝም በሉ በሽተኛ አለ» ብላ አባረረችን። ቤት ስንገባ ግን አማቴ ጎረቤቱን ሰብስበው አካክሰውታል። ቆጣሪ አልነበረም።

ሸዋሮቢት_ቆላ
ሰላም አለይኩም፣ እንኳን ደስ አላችሁ። እኛ ጋ ደግሞ ሙስሊሙ ልጁን ሱሩር ይላል፣ ዐረብኛ ነው፣ ደስታ ማለት ነው። ፈርሃንም ደስተኛ ማለት ነው፣ ፈረሕ ከሚለው። ሰፈራችን ውስጥ ደስታ፣ ፍሥሓና ሱሩር የሚባሉ ሦስት ጎረቤታሞች አሉ፣ ትርጉሙ አንድ መሆኑን ሳይሰሙ ነው ያረጁት። አንድ ቀን በርበሬ ስንለቅም ነገርኳቸውና «ታዲያ ሞክሼ ነን?» ብለው ሳቁ።

ፍቼ_ሰው
አራተኛ ጨምሩላቸው፣ ገመቹ። በኦሮምኛ ደስታ ነው፣ እኛ ጋ በየቤቱ አለ። ትግራዮቹ ደግሞ ሓጎስ አላቸው። ሁሉም ልጁን ደስታ ብሎ ይሰይማል፣ ከዚያ ልጁ ፍየል ጠፍቶበት ሲመጣ ይገረፋል።

ጣርማበር_ጉም
ፍቼ 😂😂

ብርዱ_ደብረብርሃን
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ተማርኩ። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ላረጋግጥ ብል የት ልፈልግ? ሁለተኛ፣ ፈንጠዝያስ? የቢሮ ጓደኛዬ «ልጅሽን ፈንጠዝያ አትሏትም እንዴ፣ ትልቅ ደስታ እሱ ነው» ብሎ ባለቤቴን አናዷታል።

ግስ_አውራጅ
ለመጀመሪያው፣ ግእዙን ከፈለግክ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ አለ፣ በ1948 ዓ.ም. የታተመው። ሥራውን የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው፣ ለኪዳነ ወልድ አወረሱ፣ እሳቸውም ሳይታተም አረፉና ለኅትመት ያበቁት አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። የደስታን ነገር የምንፈልገው ደስታ ባቆዩልን መጽሐፍ ነው እንግዲህ! የራሳቸው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1962 ዓ.ም. ወጥቷል። ሁለቱም የሸዋ ሰዎች ናቸው፣ ትንሽ ብንኮራ አይፈረድብንም።
ስትከፍተው እንዳትበሳጭ አንድ ነገር ልንገርህ። ተራው ሀለሐመ አይደለም፣ አበገደ ነው። አ፣ በ፣ ገ፣ ደ፣ ሀ፣ ወ፣ ዘ፣ ከዚያ ሐ። ደግሞ የሚፈለገው በሥሩ ነው፣ ተ የሚለውን ቅጥያ ጣልና ከሐ ጀምረህ ሂድ። በሃሌታው ሀ ከፈለግክ ዕድሜህን ሙሉ አታገኘውም። እንዋሪ ይህን ለአንተ ነው የምለው።

እንዋሪ_ስንዴ
ይቅር ብያለሁ አልኩ እኮ!

ቀይት_ገብስ
ፈንጠዝያን እኔ ልመልስ፣ ይህን አውቀዋለሁ። የእኛ ቃል አይደለም፣ ከባሕር ማዶ ነው የመጣው። ፋንታዚያ የሚለው ቃል በጣሊያንኛም በዐረብኛም አለ፣ ሰሜን አፍሪካ ውስጥ ፈረሰኞች ጠመንጃ እየተኮሱ የሚጋልቡበት ትርኢት በዚህ ስም ነው የሚጠራው። እኛ ጋ ሲደርስ ጭፈራና ፍንጥዝያ ሆነ፣ ፈነጠዘ የሚል ግስም ወጣለት። ፌስታም እንደዚያው ነው፣ ጣሊያንኛ ነው፣ በዓል ማለት ነው፣ አንዳንዱ ፌሽታ ይለዋል። ሁለቱም ውስጥ መጠጥና ከበሮ አለ። «ሲፈነጥዝ አድሮ ጠዋት ሥራ አልገባም» ይባላል፣ «ሐሤት ሲያደርግ አድሮ ሥራ አልገባም» ግን ቢባል ማኅሌት ቆሞ ያደረ ነው የሚመስለው። ለልጅ ስም አይሆንም። ለጓደኛህ ውሻ ይሆናል፣ እንደዚያ በለው።